እንስሳትን ከመንገድ ያባርራል የተባለው ፊሽካ፦ ከለንደን እስከ ሊማሊሞ

አውራ ጣት የምታክል የፕላስቲክ ዕቃ አስቡ። ከፊቷ ሰፋ ያለ ቀዳዳ አላት፣ ወደ ኋላ ይጠብባል። ጥንድ ሆና ትሸጣለች፤ መኪናው ፊት ለፊት፣ ከመብራቶቹ ዝቅ ብሎ በማጣበቂያ ትለጠፋለች። ባትሪ የላትም፣ ሽቦ የላትም። መኪናው በሰዓት ከ48 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሮጥ ነፋሱ በቀዳዳዋ ይገባና ታፏጫለች። ሻጮቿ የሚሉት ይኼ ነው፦ ድምፁ በጣም ቀጭን ስለሆነ ሰው አይሰማውም፣ እንስሳ ግን ከ400 ሜትር ርቀት ሰምቶ ከመንገዱ ይርቃል። በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም የምትታወቀው «የአጋዘን ፊሽካ» በሚል ስም ነው።

ዋጋዋ ትንሽ ነው፣ የምትገባው ቃል ግን ትልቅ። ታዲያ ከጎንደር ተነስቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚወጣ ሚኒባስ ቢለጥፋት ትጠቅመዋለች ወይ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱን ለማግኘት ግን አንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ወደ ኋላ መሄድ፣ ከዚያም ሊማሊሞ ጥምዝ ላይ ቆሞ ማዳመጥ ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። በእኛ አገር እውነተኛው የአውሮፓና የአሜሪካ አጋዘን የለም። በየዓመቱ ቀንዱን እየጣለ አዲስ የሚያበቅለው ያ የእንስሳት ቤተሰብ በአፍሪካ ምድር በተፈጥሮ የሚገኘው በሰሜኑ ጫፍ፣ በአልጄሪያና በቱኒዚያ ብቻ ነው። እኛ አጋዘን የምንለው ቀንዱ የተጠማዘዘ፣ የማይረግፍ ሌላ እንስሳ ነው። የመዝሙረ ዳዊት ተርጓሚዎችም እንግሊዝኛው የአጋዘን ስም በሚያስገባበት ቦታ «ዋላ» ብለው አልፈዋል። ስለዚህ ፊሽካዋ የተሠራችለት እንስሳ እኛ ዘንድ የለም። በሰሜን ጎንደር ደጋ ከመኪና ጋር ሊጋጠም የሚችለው ማነው? በስሜን ተራሮች ውስጥ ጭላዳ፣ ዋልያ፣ ድኩላ፣ ሰስ፣ ቀይ ቀበሮ አሉ። በዋናው አስፋልት ላይ ግን በየኪሎ ሜትሩ የምታገኙት የቤት እንስሳ ነው፦ በግ፣ ከብት፣ በቅሎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አህያ። የገበያ ቀን በወገራ መንገድ ያለፈ ሰው አይቶታል። መንገዱ ለመኪናው መንገድ ነው፣ ለአህያዋም መንገድ ነው።

ነገሩ የቀልድ እንዳይመስላችሁ። አንድ የደጋ ገበሬ ጥማድ በሬ ቢኖረውና አንዱን መኪና ቢገጭበት፣ የቀረው አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። ሰውየው እንደ እሱ አንድ በሬ ያለው ጎረቤት ፈልጎ በመቀናጆ ማረስ አለበት፤ ሁለት ማሳ፣ አንድ ጥማድ፣ አንድ አጭር የዝናብ ወቅት። በመኪናው በኩልም እንደዚያው ነው። በግ አድናለሁ ብሎ መሪውን በድንገት የጠመዘዘ ሹፌር፣ ከጎኑ ገደል ከሆነ፣ ከበጉ የበለጠ ነገር ያጣል። ስለዚህ «ይህን ለጥፉና ተገላገሉ» የሚል ሰው ሲመጣ በቁም ነገር መፈተሽ አለበት።

አሁን ወደ ለንደን እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1876 አካባቢ ፍራንሲስ ጋልተን የተባለ እንግሊዛዊ አንዲት ትንሽ የነሐስ ፊሽካ ሠራ። ርዝመቷ ስለሚስተካከል የድምፁን ቅጥነት እንደፈለገ ከፍና ዝቅ ማድረግ ይቻላል። የጋልተን ፍላጎት የሰው ጆሮ የት ላይ መስማት እንደሚያቆም ማወቅ ነበር። (ይኸው ጋልተን ሰውን በዘር እየመረጡ ማራባት ይገባል የሚል መጥፎ አስተሳሰብ አባትም ነው። በአንድ ጭንቅላት ውስጥ ጥሩ መሣሪያና ክፉ ሐሳብ አብረው ሊቀመጡ ይችላሉ።) ፊሽካዋን በከዘራው ጫፍ ላይ ገጠማት፤ ከእጀታው በኩል የጎማ ከረጢት ሲጫን ትጮኻለች። ከዚያ የለንደን የእንስሳት ማቆያ ውስጥ እየዞረ፣ ከዘራውን ወደ እያንዳንዱ እንስሳ ጆሮ እያስጠጋ ይጫናል። እንስሳው ጆሮውን ካቆመ ሰምቷል ማለት ነው። ቀጭን ድምፅ በመስማት ድመት ከሁሉም በልጣ ተገኘች።

ከዚህ የወጣው እውቀት ትክክል ነው። ሰው በልጅነቱ በሴኮንድ ከ20 እስከ 20,000 የሚደርስ ንዝረት ይሰማል። ይህ የንዝረት ብዛት ኸርዝ በሚባል መለኪያ ይቆጠራል። ከብት እስከ 35,000 ኸርዝ፣ ፈረስ እስከ 33,500 ኸርዝ ድረስ እንደሚሰሙ በኋላ የተደረጉ ልኬቶች አሳይተዋል። ስለዚህ «እኛ የማንሰማውን እንስሳ ይሰማል» የሚለው የሻጮች አነጋገር መነሻው ውሸት አይደለም። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ጋልተን ያየው ጆሮ ሲቆም ብቻ ነው። እንስሳው ሰማ። ከቦታው ሄደ ግን አላለም። በ«ሰማ» እና በ«ሄደ» መካከል ያለው ርቀት ነው የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ።

ያንን ርቀት የስሜን እረኞች ከጋልተን በፊት ያውቁታል። ገብስ ማሽተት ሲጀምር ማማ ላይ ወጥቶ ዝንጀሮ የሚጠብቅ ልጅ ሦስት ነገር አለው፦ ጉሮሮው፣ ጅራፉና ወንጭፉ። ይጮኻል፣ ጅራፉን ያጮኻል፣ ያም ካልበቃ ድንጋይ ይወነጭፋል። የጅራፍ ጩኸት በራሱ አስደናቂ ነገር ነው። ለቡሄ በጎንደር ሰፈሮች የምትሰሙት ያ «ጧ!» የሚል ድምፅ የሚወጣው ጅራፉ መሬት ስለመታ አይደለም፤ የጅራፉ ጫፍ ከድምፅ ፍጥነት፣ ማለትም በሴኮንድ ከ340 ሜትር ገደማ ስለሚያልፍ ነው። ተዋጊ አውሮፕላን የድምፅን ፍጥነት ሲሰብር የሚሰማው ጉርምርምታ ታናሽ ወንድም ነው። ሆኖም ዝንጀሮውን የሚያሸሸው ይህ ፊዚክስ አይደለም። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ይባል የለ? ዝንጀሮው ከጩኸቱ ኋላ ድንጋይ እንዳለ ስለሚያውቅ ነው የሚሸሸው። ለሁለት ሳምንት ድንጋይ የሌለው ጩኸት ብቻ አሰሙት፤ እናንተ እየጮኻችሁ እሱ ገብሱን ይበላል።

በዚያ ዘመን መንገዱ ራሱ የእንስሳ ነበር። ጎንደር፣ አፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ከመሠረቷት ጀምሮ፣ ከቀይ ባሕር ወደብ ከምፅዋ ጋር የተገናኘችው በበቅሎና በአህያ ቅፍለት ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ጎንደር ሲመጣ የሊማሊሞን አቀበት ወጥቷል። ያን ጊዜ ከገደሉ ላይ የሚሰማው የነጋዴው «ሂድ!»፣ የጅራፍ ጧታና ፉጨት ነው። ቃጭል ያሰራች በቅሎ ካለችም ማስጠንቀቂያውን የምትሰጠው እንስሳዋ ናት፤ ሰው ድምፁን ሰምቶ ይጠነቀቃል። የዛሬዋ ፊሽካ ይህን ገለበጠችው።

መኪና ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የምትባል መኪና ከጅቡቲ በኩል አዲስ አበባ ድረስ ነድቶ ለዳግማዊ ምኒልክ አደረሰ። በሚገርም አጋጣሚ በዚያው ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1908፣ አሜሪካ ውስጥ «ክላክሰን» የሚባል የመኪና ጡሩምባ ለገበያ ቀረበ። የፈለሰፈው ሚለር ሪስ ሃቺሰን ነው፤ ስሙ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን መጮህ፣ ማንባረቅ የሚል ስሜት አለው። የዚያ ድርጅት የንግድ ስም ነበር እኛ ዘንድ ደርሶ «ክላክስ» የሆነው።

ወደ ጎንደር ደጋ መኪና በብዛት የመጣው ግን ከጦርነት ጋር ነው። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. በአኪሌ ስታራቼ የሚመራው የጣሊያን የሞተር ጦር ከኤርትራ ተነስቶ፣ በሰቲት በኩል ቆላውን አቋርጦ ጎንደር ገባ። በተከታዮቹ ዓመታት የሊማሊሞ ገደል እየተቦረቦረ ጠመዝማዛው የመኪና መንገድ ተሠራ። ጄኔራል ጉሊዬልሞ ናዚ በኅዳር 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ ጣሊያን ሄደ፣ መንገዱና የመንገዱ ቋንቋ ቀሩ። መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፤ ሁሉም ጣሊያንኛ ናቸው። ፊሽካ ራሱ የጣሊያንኛ ቃል ነው! ሹፌሮቻችን የእንስሳትን መንገድ ሲወርሱ በድንጋይና በጅራፍ ፋንታ የያዙት ክላክስ ብቻ ነበር።

ክላክስ ይሠራል? አዎ፣ ግን በማን ላይ እንደሚሠራ ተመልከቱ። ከብት የሚነዳ ልጅ ባለበት ቦታ ሹፌር ክላክስ ሲያደርግ፣ ዘወር የሚለው ልጁ ነው። ልጁ ይሮጣል፣ ዱላውን ያነሳል፣ ከብቶቹን በስማቸው እየጠራ ወደ ዳር ያወጣቸዋል። ላሚቱ የተንቀሳቀሰችው ለክላክሱ ሳይሆን ለእረኛው ነው። እረኛ የሌላት አህያ አስፋልት መሃል ቆማ ክላክስ ሲደረግባት አይታችኋል? ጆሮዋን ወደ መኪናው ታዞራለች። የጋልተን ፈተና አልፋለች፤ ሰምታለች። ከዚያ ባለችበት ትቆማለች።

አሁን ፊሽካዋ ጋ ደረስን። ከኦስትሪያ ወጣች የምትባለው በ1970ዎቹ ነው (እ.ኤ.አ.)፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ገባችና በብዛት ተሸጠች። አሜሪካ ውስጥ አጋዘንና መኪና መጋጨት የዕለት ተዕለት ችግር ስለሆነ ገዢ አልጠፋም። ተመራማሪዎች የመጡት ዘግይተው ነው።

ላውራ ሮሚንና ላሪ ዳልተን በዩታ ግዛት ያደረጉትን እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም ማንኛችሁም ልታስቡት የምትችሉት ቀላል ሙከራ ነው። አንድ መኪና ወሰዱ። አንዴ ፊሽካ ለጥፈው፣ አንዴ ሳይለጥፉ በመንገድ ዳር በተሰማሩ አጋዘኖች አጠገብ ነዱ። 150 የሚሆኑ መንጋዎችን ተመለከቱ። እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጡት ውጤት አጭር ነው፦ ፊሽካ ኖረም አልኖረም፣ አጋዘኖቹ ያደረጉት ነገር አልተለየም።

እንዴት? ፒተር ሻይፈሌ የተባለ የድምፅ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2003 ፊሽካዎቹን ራሳቸውን ለካ። አንደኛው ዓይነት የሚያወጣው ድምፅ 3,300 ኸርዝ፣ ሌላው 12,000 ኸርዝ አካባቢ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም ከሰው ጆሮ በላይ አይደሉም! እናንተም ቢነፋላችሁ ትሰሟቸዋላችሁ። በመንገድ ላይ የማትሰሟቸው ምስጢራዊ ስለሆኑ ሳይሆን የጎማው፣ የሞተሩና የነፋሱ ጩኸት ስለሚውጣቸው ነው። የእናንተን ጆሮ የሚያደነቁር ጩኸት የአጋዘኑንም ያደነቁራል።

«እሺ፣ ደካማዋ ፊሽካ ትቅር፣ ጠንካራ ድምፅ እንልቀቅ» የሚል ሰው ይመጣል። መጥቷልም። በጆርጂያ ግዛት ተመራማሪዎች ድምፅ ማጉያ መኪና ላይ ሰቅለው፣ ከወፍራም እስከ ሰው እስከማይሰማው ቀጭን ድረስ አምስት ዓይነት ድምፅ በአጋዘን ላይ ሞከሩ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ውጤት ግጭትን የሚቀንስ አንድም ድምፅ አላሳየም። ወፍራሙ፣ የ280 ኸርዙ ድምፅ ሲለቀቅ እንዲያውም አጋዘኖቹ ለግጭት የሚያጋልጥ እንቅስቃሴ ማድረጋቸው ጨመረ። አውስትራሊያ ውስጥ ሔለና ቤንደር ለካንጋሮ የተሠራ የኤሌክትሪክ ዓይነቱን ፈትሻ፣ ካንጋሮዎቹ በእሱ የተነሳ ንቁ እንዳልሆኑ፣ እንዳልሸሹም አሳይታለች።

ይህ ሁሉ የተደረገው በሌላ አገር ነው። ሊማሊሞ ላይ ነገሩ ይብሳል፣ ለምን እንደሆነም ማስላት ይቻላል። ድምፅ ሞገድ ነው፤ ሞገዱ ረጅም ሲሆን እንቅፋትን ዞሮ ያልፋል፣ አጭር ሲሆን በእንቅፋቱ ይቆማል። የድምፅን ፍጥነት ለንዝረቱ ብዛት አካፍሉት። የ400 ኸርዝ ክላክስ ሞገድ 85 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። የ16,000 ኸርዝ ፊሽካ ሞገድ ግን ከ2 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። የድንጋዩን ጥምዝ ክላክሱ በመጠኑ ይዞረዋል፤ የፊሽካዋ ድምፅ እንደ ባትሪ ብርሃን ቀጥ ብሎ ሄዶ ከጥምዙ ወዲያ ያለውን በግ ጥላ ውስጥ ይተወዋል። በዚያ ላይ አየር ራሱ ቀጭን ድምፅን ከወፍራሙ ቀድሞ ይውጣል። ሩቅ ሰፈር ያለ ድግስ ከበሮው ተሰምቷችሁ ዜማው የሚጠፋባችሁ አንዱ ምክንያት ይኼ ነው።

የገደል ማሚቶ ደግሞ አለ። ድምፅ አደጋን የሚጠቁመው ከየት እንደመጣ ሲታወቅ ነው። ግራም ቀኝም ገደል በሆነበት ቦታ ጩኸቱ ከሁለቱም በኩል ተመልሶ ይመጣል። እንስሳው የቱ እውነተኛው፣ የቱ ማሚቶው እንደሆነ ካላወቀ ወዴት ይሽሽ? በግ ደግሞ ሲደነግጥ የሚሮጠው ወደ ደህናው ቦታ ሳይሆን ወደ መንጋው ነው፤ መንጋው ከአስፋልቱ ማዶ ከሆነ በመኪናው ፊት ያቋርጣል።

እኔ ግን ዋናው ጉዳይ ፊዚክሱ አይመስለኝም። ድምፁ ጮክ ብሎ፣ ጥርት ብሎ፣ ከትክክለኛው አቅጣጫ ቢደርስ እንኳ ለእንስሳው ምን ይለዋል? እንስሳ የድምፅን ትርጉም የሚማረው ከሚከተለው ነገር ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚገኘው መንዝ ውስጥ፣ ጓሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ቀይ ቀበሮዎች በሚግጡ ጭላዳዎች መሃል ገብተው አይጥ ሲያድኑ ጭላዳዎቹ አይሸሹም። ቀበሮው በጭላዳ መሃል ሆኖ ሲያድን ከሙከራዎቹ 67 በመቶው ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን 25 በመቶው ብቻ። ጭላዳ የዋህ ሆኖ አይደለም፤ ውሻ ሲያይ እየጮኸ ወደ ገደሉ ይወርዳል። ይህኛው እንስሳ እንደማይነካው ስለተማረ ነው። ሳንቃበር አካባቢም ጭላዳዎቹ ቱሪስት በአጠገባቸው ሲቀመጥ ሣራቸውን መንቀል አያቆሙም። በየቀኑ መኪና የሚያልፍበት ቦታ ያለ እንስሳ፣ በየቀኑ ፊሽካ ቢሰማና ምንም ባይደርስበት፣ የሚማረው አንድ ነገር ነው፦ ይህ ድምፅ ምንም አይደለም። ግጭቱ ደግሞ ለማስተማር አይሆንም፤ የተገጨው አይማርም፣ የቆመው ድምፁንና ግጭቱን ለማገናኘት ዕድል የለውም።

«ታዲያ ብዙ ሰው ለጥፎ ጠቀመኝ የሚለው ለምንድን ነው?» ትሉ ይሆናል። ጥር ወር ውስጥ ጎንደር ከተማ ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡ። አይዘንብባችሁም። በማግስቱም እንደዚያው። ወሩ ሲያልቅ «ጃንጥላ ዝናብ ይከለክላል» ብትሉ ጓደኞቻችሁ ምን ይላሉ? አብዛኛው ሹፌር ፊሽካ ባይኖረውም በሁለት ዓመት ውስጥ አጋዘን አይገጭም። ፊሽካ ለጥፎ ሁለት ዓመት በሰላም የነዳ ሰው ለፊሽካዋ ያመሰግናል። ፊሽካ ለጥፎ የገጨ ሰው ደግሞ «ቆሻሻ ደፍኗት ነበር» ይላል። በዚህ መንገድ የሚሸነፍ ዕቃ የለም።

ፊሽካዋ ምንም ካልጠቀመች ጉዳቷስ ምን ሊሆን ይችላል? እዚህ ጋ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አንድ ሹፌር አደጋ አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪደርስ 1.5 ሴኮንድ ይፈጅበታል እንበል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በዚያች ጊዜ 33 ሜትር ይሄዳል፤ ከዚያ በደረቅ አስፋልትና በጥሩ ፍሬን እስኪቆም ሌላ 35 ሜትር ያህል ይፈልጋል። በጠቅላላ 70 ሜትር ገደማ። ፍጥነቱ 50 ቢሆን ድምሩ 35 ሜትር አካባቢ ይሆናል፣ ግማሽ ማለት ነው። ቁልቁለት ላይ፣ ክረምት ላይ፣ ጭነት ከበዛ ሁሉም ይረዝማል። ፊሽካዋን ተማምኖ ከ50 ወደ 60 ከፍ ያደረገ ሹፌር ከዚህ ርቀት ላይ ለራሱ ጨምሯል። ያውም አስታውሱ፤ ፊሽካዋ የምትጮኸው ከ48 በላይ ሲነዳ ብቻ ነው። እንስሳ በሚበዛበት መንደር ውስጥ በ30 የሚነዳ ጥንቁቅ ሹፌር ምንም ድምፅ አያገኝባትም።

የእንስሳትንና የመንገድን ችግር በእውነት ለመፍታት የተደረገ ሙከራ ከፈለጋችሁ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፤ ያን ጊዜ ዋናው መጓጓዣ በቅሎ ነበር። በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ ከመዘገባቸው የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ሆነ። በ1996 ግን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ምክንያቶቹ ብዙ ነበሩ፦ የዋልያ ቁጥር ማሽቆልቆል፣ እርሻ፣ ከልክ ያለፈ ግጦሽ፤ ከእነዚህም ጋር ፓርኩን ሰንጥቆ የሚያልፍ መንገድ መሠራቱ። ከደባርቅ ተነስቶ ወደ ጃናሞራ የሚሄደው ሕዝብ መንገድ ያስፈልገዋል፤ ታማሚ ይዞ ወደ ሐኪም ቤት መውረድ፣ ገብስ ይዞ ገበያ መውጣት አለ። ዋልያው ደግሞ ሌላ ተራራ የለውም፤ በተፈጥሮው በዓለም ላይ የሚኖረው እዚያው ስሜን ብቻ ነው።

ለዚህ ጭንቅ ማንም ፊሽካ አላቀረበም። የተወሰደው አቅጣጫ መንገዱን ማንሳት ነው፦ ከፓርኩ ውጪ የሚያልፍ ተለዋጭ ዋና መንገድ። የዓለም ቅርስ ኮሚቴ በ2009 ዓ.ም. ፖላንድ፣ ክራኮው ላይ ተሰብስቦ ስሜንን ከአደጋው መዝገብ ሲያወጣ ከጠቀሳቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ተለዋጭ መንገድ ነበር። ውድ ነው፣ ዓመታት ይፈጃል፣ ብዙ ስብሰባ አለው፣ በማጣበቂያ አይለጠፍም። ካናዳ ውስጥ በባንፍ ብሔራዊ ፓርክም እንዲሁ፣ አውራ ጎዳናውን አጥረው ለእንስሳት ከላይ ድልድይ፣ ከሥር መሿለኪያ ሲሠሩ የዱር እንስሳት ግጭት ከ80 በመቶ በላይ ቀንሷል። ለወገራ አህያና በግ አጥርም ድልድይም የሚሆን አይመስለኝም፤ መንገዱን ካጠራችሁት ገበሬውና ገበያው ይለያያሉ። እዚያ የሚቀረው የሹፌሩ እግርና የእረኛው ዓይን ነው።

አሁንም «እኛ አገር ባለው እንስሳ ላይ አልተሞከረም እኮ» የሚል ካለ፣ ትክክል ነው፣ ደስ የሚልም ጥያቄ ነው። እንዴት ትሞክሩታላችሁ? እረኛ ሳይኖር ከመንገድ ዳር የሚግጡ በጎች ያሉበት፣ ቀጥ ያለ የአስፋልት ቁራጭ ምረጡ። አንድ መኪና፣ አንድ ሹፌር፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ፍጥነት። ፊሽካዎቹን ሁልጊዜ ለጥፏቸው፤ በግማሾቹ ጉዞዎች ግን ቀዳዳቸውን በሰም ድፈኑት። የቱ እንደተደፈነ ሹፌሩ አይወቅ፣ ማስታወሻ የሚይዘውም ልጅ አይወቅ፤ ካወቁ እጃቸውም ዓይናቸውም ያደላል። በየትኛው ጉዞ ይደፈን የሚለውን ሳንቲም ወርውራችሁ ወስኑ። ማስታወሻ ያዡ ከመንገዱ ራቅ ብሎ፣ ከፍ ካለ ቦታ ይቀመጥና ለእያንዳንዱ ጉዞ ሦስት ነገር ይጻፍ፦ ስንት በግ ቀና አለ፣ ስንት በግ ከመንገዱ ራቀ፣ ስንት በግ ወደ መንገዱ ገባ። አሥር ጉዞ አይበቃም፤ የዩታዎቹ 150 መንጋ ያዩት ለዚህ ነው። ሰሙን የደፈነው ሰው ዝርዝሩን የሚያወጣው ደብተሩ ከተዘጋ በኋላ ነው።